ጽሑፉን አንሱትና ቅመሱት

ታደለች መሞቷን በስልክ ሰምቼ ከቡራዩ ሰበታ የደረስኩት በማግስቱ ነው። ክረምቱ የሰፈሯን መንገድ አጥቦት ስለነበር በጭቃ እየተንሸራተትኩ ነው ግቢዋ የገባሁት። የእድሩ ድንኳን ለቀስተኛውን አልበቃውም፤ ከድንኳኑ ጫፍ እስከ አጥሩ ድረስ አንድ ትልቅ ሸራ ተወጥሯል። እንደ ደንቡ “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” ብዬ ከሸራው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ጠብታ ማጅራቴን ሲመታኝ ቀና አልኩ። እሷው ናት! ከላዬ ተዘርግታለች። ፊቷ በር ያህላል፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ቆሟል፤ ወደ ጎን በዘረጋችው እጇ የተቀደደ የብስኩት ላስቲክ ይዛለች። ከእጇ ቀጥሎ በትልልቅ ፊደል “ኩራት ብስኩት፦ ሀገርህን ቅመሳት!” ይላል።

ደሜ ፈላ። ለቅሶ ቤት ባይሆን ኖሮ ገመዱን በጥሼ እጥለው ነበር። ያን ሸራ አውቀዋለሁ፤ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ዳር በብረት ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ለዓመታት አይቼዋለሁ። “ማነው ይህን እዚህ ያመጣው?” ብዬ ጎኔ ያለውን ሰው ጠየቅኩ። ያመጣው ሙዘይን ነው፤ አትክልት የሚሸጠው ጎረቤቷ። ያረጀ የማስታወቂያ ሸራ እኛ ዘንድ አይጣልም፤ የጣሪያ መደረቢያ፣ የሱቅ ጥላ፣ የእህል መሸፈኛ ይሆናል። ሙዘይን ድንች ይሸፍንበት ነበር። “ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ይቀመጥ የለ? ከዚህ የበለጠ ፎቶ የላትም ብዬ ነው፤ አጥቤው ነው ያመጣሁት” አለኝ፣ ዓይኑ ቀልቶ። ሰውየው ሊያከብራት ነው።

ታደለችን ያወቅኳት እዚሁ ሰበታ፣ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። እኔ ሒሳብ፣ እሷ ሥነ ዜጋ እናስተምር ነበር። ከሆሳዕና አካባቢ ወንድሟን ተከትላ ነው የመጣችው፤ እሱ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲገባ እሷ ጠመኔ ያዘች። አጭር ናት፤ ድምጿ ግን የሁለት ሰው ነው። ክረምት ሲሆን በቦቲ መጥታ በሩ ላይ ጫማ ትቀይርና ቦቲዋን ለዘበኛው ታስረክባለች። ልጆቹ ሲፈልጉ በኦሮምኛ “ባርሲስቱ”፣ ሲፈልጉ “ቲቸር ታዱ” ይሏታል። ኦሮምኛዋም አማርኛዋም የሀዲያ ቅላጼ ነበራቸው። ሲስቁባት አብራ ትስቅና “እኔ ሦስት ቋንቋ አጣምሜ እናገራለሁ፤ እናንተ እስቲ አንዱን አቅኑልኝ” ትላቸዋለች።

እውነቱን ለመናገር አብሯት መሄድ ያደክማል። ሰው ታክሲ ውስጥ ሲገባ መስኮት ተደግፎ ያንቀላፋል፤ እሷ ከሬዲዮ ጋር ትከራከራለች። አንድ ቀን ከአየር ጤና ስንመለስ ሬዲዮው ላይ ማሲንቆ ተመታ፤ አንዱ ጉሮሮው እስኪነቃ ፎከረ፣ ሸለለ፣ “የጀግና ዘር! ዳር ድንበሩን የሚያውቅ!” አለ። እኛ ጦርነት የተነሳ መስሎን ጆሯችንን ስናቆም ፉከራው ማካሮኒ ላይ አረፈ።

“ለማካሮኒ ነው ይሄ ሁሉ?” አለች ታደለች፣ ታክሲው በሙሉ እንዲሰማት። “እኔ ማካሮኒ የምበላው ሲርበኝ ነው። ለዳር ድንበር ብዬ በልቼ አላውቅም።”

“ማዘር፣ ሬዲዮው እኮ አይሰማዎትም” አላት ረዳቱ።

“አንተ ትሰማኛለህ። ሒሳብ ስትቀበል አብረህ ትፎክራለህ እንዴ?”

ታክሲው በሳቅ አለቀ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እንዲህ ነበረች፤ ቲቪ ላይ አንዲት እናት በዘይት ጠብሳ “ለወገኔ” ካለች ታደለች መልስ አላት። ሱሉልታ ለስልጠና የሄድን ጊዜ፣ መንገድ ዳር አንድ ትልቅ ማስታወቂያ አየን፤ ሯጭ ባንዲራ ለብሶ የዱቄት ጁስ ይጠጣል፤ “የድላችን ምስጢር” ይላል። ከሥሩ ልምምድ ጨርሳ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ጫማዋን ታራግፋለች። ታደለች ሄደችባት።

“እህቴ፣ አንቺ ያንን ትጠጫለሽ?”

ልጅቷ ወደ ላይ አየችና ሳቀች። “ኧረ እኔ በሶ ነው የምጠጣው።”

“አየህ? ምስጢሩ በሶ ነው” አለችኝ። እስከ ማታ ድረስ ለሰልጣኙ ሁሉ ይህንኑ ስታወራ ዋለች።

ክፍል ውስጥ ግን ቀልዷን ወደ ትምህርት ትለውጠዋለች። ተማሪዎቿን ባዶ ዕቃ አምጡ ትላቸዋለች፤ የዘይት ጀሪካን፣ የጨው ላስቲክ፣ የማካሮኒ ከረጢት፣ የውሃ ፕላስቲክ። ጠረጴዛዋ የቆራሌው ጋሪ ይመስላል። ልጆቹ ተራ በተራ ጽሑፉን ያነባሉ፤ አንበሳ ያለበት አለ፣ ጋሻና ጦር ያለበት አለ፣ “የኩሩ ሕዝብ ምርጫ” የሚል አለ። ከዚያ ወረቀቱን በጥፍሯ ልጣ ታነሳውና ባዶውን ዕቃ ከፍ አድርጋ ትይዘዋለች። “አሁንስ ጨዉ ጨው አይደለም? ልጆቼ፣ ጽሑፉን አንሱትና ቅመሱት። ከጣመ ብሉት። ካልጣመ አንበሳው አያጣፍጠውም።” ይህን አባባሏን በትምህርት ቤቱ የማያውቅ አልነበረም። ምሳ ላይ እንኳ የአንዱ ሽሮ ሲቀጥን “ጽሑፉን አንሱት” እንባባላለን።

ይህን ስትሰሙ ሀገር የማትወድ እንዳትመስላችሁ። እንዲያውም ነገሩን ያከረረው ተቃራኒው ነው። የትምህርት ቤቱን ባንዲራ የምትይዘው እሷ ነበረች። ማታ ከወረደ በኋላ አጥፋው ቤቷ ይዛው ትሄዳለች፤ ዝናብ ከነካው ቤት ውስጥ ዘርግታ ታደርቀዋለች፣ ጠርዙ ሲተረተር በእጇ ትሰፋዋለች። ልጆቹን እጃቸውን ሳይታጠቡ አታስነካቸውም። “መሬት አይነካም። አይረገጥም። ባንዲራ ይታጠፋል እንጂ አይቀደድም” እያለች አራተኛ ክፍሎችን ስታሳጥፋቸው ታረፍዳለች። “አንቺ ጴንጤ፣ ባንዲራውን ተሳለምሽው እኮ” ስላት “አንተ ደግሞ ሁሉንም ትሳለማለህ፣ ምን አገባህ?” ትለኛለች። ለዚህ ነው ማካሮኒው የሚያናድዳት። እኔ ማስታወቂያውን ሰምቼ እረሳዋለሁ፤ እሷ የምትወደውን ዕቃ ሌባ ይዞት ሲሄድ እንዳየች ትሆናለች።

ችግሩ የመጣው ከረሃብ ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ ልጆች ይወድቁብን ነበር። የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች፣ የቀን ሠራተኛ ልጆች፣ ቁርስ የማያውቁ። መዝሙሩ መሀል ላይ ሲደርስ አንዱ ድፍት ይላል፤ ጥላ ሥር እንወስደዋለን፤ በማግስቱ ሌላው ይወድቃል። ታደለች ስንዴና ሽምብራ ንፍሮ ቀቅላ በቆርቆሮ እያመጣች ለወደቀው ታድላለች። ንፍሮው ስንቱን ያዳርሳል? ከሁሉ አብዝታ የምትወድቀው ጫልቱ የምትባል የአራተኛ ክፍል ልጅ ነበረች፤ ዓይኗ ትልልቅ፣ ሹራቧ ክርኑ ላይ የተቀደደ። አንድ ጠዋት ስትወድቅ ግንባሯ ተፈነከተ። ታደለች ደሙን በነጠላዋ እየጠረገች ስታለቅስ አየኋት። ከዚያ በፊት ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።

በዚያው ሰሞን ርዕሰ መምህራችን ኦቦ ለሚ ስብሰባ ጠሩን። አንድ የብስኩት ፋብሪካ ለልጆቹ በየጠዋቱ ብስኩት ሊሰጥ ነው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከኦቦ ለሚ ጎን ሱሪው ከእግሩ ጋር የተጣበቀ፣ ሚኪ የሚባል የማርኬቲንግ ልጅ ተቀምጧል። ተነሥቶ ናሙናውን አሳየን፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የሆነ ላስቲክ፣ መሀሉ ላይ “ኩራት”፣ ከሥሩ “ሀገርህን ቅመሳት” የሚል። ለውለታው የሚፈልጉት ትንሽ ነገር ነው፤ ልጆቹ ባንዲራ ሲሰቅሉና ብስኩቱን ሲበሉ መቅረጽ።

ታደለች እጇን ሳታወጣ ተነሣች። “ባንዲራውን ላስቲኩ ላይ ምን አመጣው?”

“ባንዲራ አይደለም ቲቸር፣ ዲዛይን ነው።”

“ታዲያ ለምን ሰማያዊና ሮዝ አላደረጋችሁትም?”

“ይሄ ስሜት ይሰጣል።”

“እንግዲያው ባንዲራ ነው” ብላ ተቀመጠች። ወዲያው መልሳ ተነሣች። “ስንዴው የት የበቀለ ነው?”

“ከውጭ ነው የሚገባው፤ ግን እዚህ ነው የሚጋገረው።”

“ስንዴው ፓስፖርት ይዞ ገብቶ ነው ‘ሀገርህን ቅመሳት’ የምትሉት?”

ሰው ሳቀ፤ ኦቦ ለሚ ግን አልሳቁም። ደግ ሰው ናቸው፤ ልጆቹ ሲወድቁ ተሸክመው የሚሮጡት እሳቸው ነበሩ። ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉና “ታደለች፣ አውቃለሁ። እኔም አልወደድኩትም። ግን ኢጆሌን ሃ ኛተን” አሉ። ልጆቹ ይብሉ ማለታቸው ነው። እሷም ተቀመጠች። ወጥተን በሩ ላይ ቦቲዋን ስታጠልቅ “ልጆቹን ያብሉ፤ ለምን በባንዲራው? ዝም ብሎ ማብላት አይቻልም?” አለችኝ። አይቻልም አልኳት።

ቀረጻው የሰኞ ጠዋት ነበር። ካሜራ፣ መብራት፣ ጃንጥላ፣ ቆብ ያደረገ ዳይሬክተር ሁሉም መጡ። ልጆቹ ፊታቸው ቫዝሊን ተቀብቶ ያበራል። ዩኒፎርማቸው የተቀደደው ወደ ኋላ ተገፋ፤ ጫልቱ ግን ሹራቧ ቢቀደድም “ይቺ ዓይኗ ያምራል” ተብላ የሌላ ልጅ ሹራብ አልብሰው ከፊት አቆሟት። ታደለች ባንዲራውን ሰቀለች። ዳይሬክተሩ “ድገሚው፣ ደመና ገባብን” አላት። አወረደችና ሰቀለች። “አሁን ደግሞ ነፋስ የለም፤ ትንሽ እንጠብቅ፣ አውርጂው።” እሷ ገመዱን እንደያዘች “ባንዲራ በቀን አንዴ ነው የሚወጣው” አለች። ዳይሬክተሩ አልሰማትም። ልጆቹ መዝሙሩን ስንት ጊዜ እንደዘመሩት እንጃ፤ ድምፃቸው ሰለለ። እኔ የሒሳብ ክፍለ ጊዜዬ እያለፈ ዳር ቆሜ እበግናለሁ።

በመጨረሻ ብስኩቱ ታደለ። ሚኪ ድምፅ ማጉያ ይዞ “ሦስት ስል ሁላችሁም ቀድዳችሁ ትበላላችሁ፤ ከዚያ ‘ሀገሬን ቀመስኳት!’ ትላላችሁ” አላቸው። “አንድ! ሁለት! ሦስት!”

የቀደደ የለም።

ሰልፉ በሙሉ ብስኩቱን በሁለት መዳፉ ይዞ ቆመ። ሚኪ የገባቸው አልመሰለውምና ደገመው። አሁንም ማንም አልቀደደም። ቁርስ ያልበሉ ልጆች ናቸው፤ ምራቃቸውን ሲውጡ ከዳር ሆኜ አያለሁ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ጠፋ። ዳይሬክተሩ “ምንድነው? ብስኩት አይወዱም እንዴ?” ብሎ ጮኸ። ጫልቱ ዞራ ታደለችን አየቻት።

“ቲቸር፣ ባንዲራ ነው እኮ። አይቀደድም ብለውናል።”

ሚኪ ሮጦ መጥቶ “የኔ ቆንጆ፣ ይሄ ባንዲራ አይደለም፣ ዲዛይን ነው” አላት። ልጅቷ አላመነችውም። እንዴት ታምነዋለች? ዓይን አላት። ሁሉም ልጆች የሚያዩት ታደለችን ነው። ኦቦ ለሚም፣ እኔም፣ ካሜራውም ወደሷ ዞርን። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ለዓመታት ያስተማረችው ነገር ገብቷቸዋል፤ ስለገባቸው ተርበው ቆመዋል። እንዲበሉ ደግሞ ያስተማረችውን እሷው ራሷ ማፍረስ አለባት። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃል ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ቃል አልበቃትም። ገመዱን ለኔ ሰጥታኝ ወደ ሰልፉ ሄደች፣ የጫልቱን ብስኩት ተቀበለቻትና በልጆቹ ፊት ላስቲኩን ከመሀል ቀደደችው። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አንዱን ብስኩት አውጥታ ለልጅቷ አጎረሰቻት።

“ብሉ ልጆቼ። የራበው ይበላል፤ ኃጢአቱ የኔ ነው።”

ያን ጊዜ ነው የቀደዱት። እንዴት እንደበሉ አልነግራችሁም።

“ካት! በጣም ቆንጆ! በጣም ናቹራል!” አለ ዳይሬክተሩ።

ወር ሳይሞላ በቲቪ ወጣ። ባንዲራው ይወጣል፣ ነፋስ ያወዛውዘዋል፤ የጫልቱ ዓይን ይታያል፤ ታደለች እያለቀሰች ላስቲክ ትቀድዳለች፤ ከዚያ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ “ሀገሬን... ቀመስኳት” የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁ የሷ አይደለም። ለስላሳ የአዲስ አበባ ሴት ድምፅ ነው። ያን ሦስት ቋንቋ አጣምሞ የሚናገር ድምጿን እንኳ አልተዉላትም። እኔ ቤቴ ሆኜ ሳየው የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

አብሬያት ፋብሪካው ቢሮ ሄድኩ። ሚኪ እጁን ዘርግቶ ተቀበለን፣ ውሃ አስመጣልን፣ ወንበር ሳበላት።

“ቲቸር፣ እንባዎ እኮ የሀገሩን ሰው ሁሉ ነካ!”

“በንዴት ነው ያለቀስኩት” አለችው።

“እሱን ተመልካቹ አያውቅም።”

“አንተ ግን ታውቃለህ። እዚያው ነበርክ። ወይ አውርዱት፣ ወይ በንዴት መሆኑን ጨምሩበት።”

“ንዴት እኮ አይሸጥም ቲቸር” አላት፣ ከልቡ እያዘነላት። ክፉ ልጅ ቢሆን በተገላገልኩ፤ አልነበረም። ስንወጣ አንድ ካርቶን ብስኩት አሸከመኝ። እዚያው ደጃፉ ላይ ልወረውረው ስል “ተው፣ ልጆቹ ይበሉታል” አለችኝ። ከፋብሪካው እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ያን ባለ ሦስት ቀለም ካርቶን ትከሻዬ ላይ አድርጌ እየተሳደብኩ ሄድኩ።

ብስኩቱ ሴሚስተሩ ሳያልቅ ቆመ። ኦቦ ለሚ ደውለው ሲጠይቁ “በጀቱ ለቢልቦርድ ዞሯል” ተባሉ። ቢልቦርዱ ደግሞ እሷው ናት! ልጆቹ ሰልፍ ላይ መውደቃቸውን ቀጠሉ፣ ታደለች ንፍሮዋን በቆርቆሮ ማምጣቷን ቀጠለች፤ በመንገዱ ዳር ደግሞ ፊቷ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ሀገሩን እንዲቀምስ ይጋብዛል። ዛሬም ይህን ሳስበው ጥርሴን እነክሳለሁ። ማንን ትከሳለህ? ሁሉም ደግ ነገር ያደረገ ይመስለዋል።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ዝምታዋ ነው። አንድ ቀን ከአየር ጤና በታክሲ ስንመጣ ሬዲዮው ስለ አንድ ዘይት ይፎክራል፤ “አባቶቻችን በአጥንታቸው” ምናምን ይላል። ጎን ለጎን ተቀምጠናል። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። ያደክመኝ የነበረውን፣ አንገቴን ያስደፋኝ የነበረውን ነገር ናፈቅኩት። መስኮቱን ነው የምታየው። ረዳቱ መልኳን አስተውሎ “ማዘር፣ ሀገርህን ቅመሳት እርስዎ አይደሉም እንዴ?” አላት። “አይደለሁም” አለችው። በክፍልም ያን ትምህርት ተወችው። አንዴ ባዶ ዕቃዎቹን አስደርድራ ልትጀምር ስትል አንዱ ልጅ ተነሥቶ “ቲቸር፣ እርስዎስ ለምን ማስታወቂያ ሠሩ?” አላት፤ በቅንነት ነው የጠየቃት። “ስለራባችሁ” አለችው። ዕቃዎቹን ሰብስባ ለቆራሌው ሰጠቻቸው፤ ከዚያ ወዲያ ጠረጴዛዋ ባዶ ሆነ።

እኔ ወደ ቡራዩ ተዛወርኩ። አንድ ጊዜ ልትጠይቀኝ መጥታ ከልጄ ጋር በገፈርሳ በኩል በእግራችን ሄድን። ልጄ ከኪዮስክ ያስገዛኝ ብስኩት ኩራት ሆኖ ተገኘ፤ እኔ ደነገጥኩ። ታደለች ከልጅቷ ተቀበለቻትና ላስቲኩን ገልብጣ ከጀርባው ስፌቱን በጥፍሯ ቀስ እያለች ከፈተችው፤ ፊቱ ሳይነካ ብስኩቶቹን አወጣች፤ ላስቲኩን አራት አጥፋ ኪሷ ከተተችው። “እንዲህ ነው የሚከፈተው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ተማሪዎቼንም እንዲህ ነው ያስተማርኳቸው” አለች። “ያን ቀን ብቻ ነው ያላሰብኩት። ከጀርባው መክፈት እኮ ይቻል ነበር።” እስከ ቤት ድረስ ሌላ ነገር አላወራችም። ስንት ዓመት አልፎም እሱን ነበር የምታስበው።

አሁን እንግዲህ ደም ግፊት ገደላት ይላሉ። ሸራው ሥር ተቀምጬ ቀና ብዬ ባየኋት ቁጥር ሌላ ምክንያት ይታየኛል፤ ግን ሐኪም አይደለሁም።

ከሰዓት አንዲት ወጣት ሴት የፋብሪካ ጋዋኗን ሳታወልቅ እያለቀሰች ገባች። ዓይኗን ሳይ አወቅኳት፤ ጫልቱ ናት። እዚያው ብስኩት ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ነው የምትሠራው። ሌላ የት ትሠራለች? ሰበታ ነው። አልቅሳ ስትጨርስ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ቀና አለችና እሷም አየችው። ብድግ አለች።

“ይሄን ማነው የሰቀለው?”

“ፎቶ ይሁናት ብዬ ነው” አለ ሙዘይን፣ እንደ ጥፋተኛ ቆሞ።

“ፎቶው ይሁን፤ ጽሑፉ ነው” አለች። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ “ገልብጡት፣ ነጩ ወደኛ ይሁን” አለ። ጫልቱ “ታዲያ ፊቷ ላይ ይዝነብባት?” አለችው። ሌላው የአትክልት ቢላዋ ይዞ መጣና “ጽሑፉን ቆርጠን እንጣለው” ብሎ ወንበር ላይ ወጣ። ቢላዋውን ሊሰነዝር ሲል እጁን ያዘችው። ከሸራው ጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ ከፊቷም ከጽሑፉም ሥር፣ ያ ሦስት ቀለም ተዘርግቷል።

“አይቀደድም” አለች። “ይታጠፋል።”

በዚያ ዝናብ የማዶውን ገመድ ፈታን። እኔ፣ ጫልቱ፣ ሙዘይን፣ ያረጁት ኦቦ ለሚ ሳይቀሩ አራቱን ጠርዝ ይዘን፣ ጽሑፉን፣ ብስኩቱን፣ የተዘረጋውን እጅ ወደ ላይ አጥፈን በጀርባው አሰርነው። መጠለያው ግማሽ ሆነ። ከጽሑፉ በታች ተቀምጠን የነበርነው ሁሉ ደጅ ቀረን። አንዲት ጎረቤት “ምን ነካችሁ? ሰው እየረጠበ ሸራ ይታጠፋል እንዴ?” ብላ ጮኸችብን። ጫልቱ ገመዱን እያጠበቀች “ጽሑፉን አንስተን ነው፣ እማማ” አለቻት። ሴትየዋ ምን እንደገባት አላውቅም፤ ግን ወንበሯን ወደ ድንኳኑ ሳበች።

ኦቦ ለሚ ኮታቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ከጎኔ ቆሙ። ዝናቡ ፊታችንን እየመታን ሁለታችንም ቀና ብለን አየናት። ብስኩቱ የለም፣ መፈክሩ የለም። በንዴት የምታለቅስ አንዲት አስተማሪ ናት።